ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጣና ዳር

መቅደላዊት በዚያ የጥቅምት ማለዳ ከቤት ስትወጣ የት እንደምትሄድ አላወቀችም። ዓይኗን አፍጥጣ ያደረችበት ሌሊት አልፎ ወፎች መንጫጫት ሲጀምሩ ነጠላዋን ደረበች፤ አባቷን እንዳትቀሰቅስ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችና እግሯ ወደመራት ሄደች። እግሯም ጣና ዳር አደረሳት።

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆና ከተሾመች ገና ዓመት አልሞላትም። የተረከበችው ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ከተማሪው ግማሹ አልተመለሰም፤ የተመለሱት መምህራንም ልባቸውን ቤታቸው ትተው ነው የመጡት። «እንኳን ደስ ያለሽ» ያላት ሁሉ ሸክሙን አሸክሟት ወደ ጉዳዩ ሄደ።

መጀመሪያ እንቅልፍ ራቃት። ቀጥሎ እህል ጠላች። ከዚያ በትንሽ በትልቁ መጮህ አመጣች። ራስ ምታት ነው ብላ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ፣ ሐኪሟ ብዙ ጠየቀቻትና «ይህ ጭንቀትና ድባቴ ነው» አለቻት። «መድኃኒቱን ትጀምሪያለሽ። በየቀኑ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተራመጂ፤ እሱም መድኃኒትሽ ነው።» ኪኒኑን ከአባቷ ደብቃ ትውጣለች። እርምጃውን ግን «ጊዜ የት አለኝ» ብላ ተወችው።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ ካኖረች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። ሹመቱ ቢቀርባት ግድ አልነበራትም። የምትፈራው ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ መነሣት ያቅታት እንደሆነ ነው።

ሐይቁ ዳር አንድ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ውኃው ገና ግራጫ ነበር። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም፤ ከኋላዋ የሩጫ ኮቴ ሰማች፤ ኮቴውም አልፏት ከሄደ በኋላ ተመለሰ።

«እኅቴ፣ ደህና ነሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ረጅም፣ ጠይም፣ የነጣ ቱታ የለበሰ ወጣት ነው። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል።

«ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው በዚህ ብርድ እርጥብ ድንጋይ ላይ አይቀመጥም። ተነሽና ትንሽ ተራመጂ።»

«አንተ ምን አገባህ?»

«ምንም» አለ ምንም ሳይከፋው። «የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ቁጭ ያለ ሰው ሳይ እኔን ያመኛል።»

ለምን እንደተነሣች እስከ ዛሬ አልገባትም። ብቻ ተነሣች። ጎን ለጎን ሆነው በዛፎቹ ሥር ባለው መንገድ ተራመዱ። ስሙ ምናሴ ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው፤ ሟች አባቱ ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ከኮምቦልቻ መጥተው የቀሩ መካኒክ ነበሩ። እሱ ራሱ አራት ዓመት ከሐይቁ ማዶ ደልጊ አስተምሮ፣ ተዛውሮ ገና ትናንት በጀልባ መግባቱ ነው።

«ዛሬ ለአዲሷ አለቃዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» አላት። «ፈርቻለሁ መሰል። ፊቷ አይፈታም አሉኝ። ጥርሷን ያየ መምህር የለም ይላሉ።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

«ጀልባው ላይ የተሳፈረ ሁሉ።»

መቅደላዊት የትምህርት ቤቱን ስም ጠየቀችው። ነገራት። የራሷ ነው። ጥቂት እርምጃ ሄደችና «ምናልባት የሚያስቃት ነገር አጥታ ይሆናል» አለች።

ምናሴ አሰበበት። «ይሆናል» አለ። «እንግዲያውስ ታሳዝናለች።»

እስከዚያ ቀን የፈሯት ነበሩ፤ ያሟትም ነበሩ። ያዘነላት ግን እሱ የመጀመሪያው ነው። ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች፤ እንባዋን እንዳያይባት።

ሦስት ሰዓት ላይ የቢሮዋ በር ተንኳኳ። ምናሴ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ የዝውውር ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ ገባ፤ አያትና እግሩ ደጃፉ ላይ ቀረ።

«ግባ፣ ተቀመጥ» አለችው። «ጥርሴን ለማየት ከሆነ የመጣኸው ግን ዛሬ አይመችም።»

ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ጆሮው ድረስ ቀልቷል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኔ ጀልባው ላይ የተወራውን አላምንም። ጠዋት ያየኋትን ሴት ነው የማምነው።»

መቅደላዊት ሳቀች። ጸሐፊዋ ከውጭ ሰምታ ደነገጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገናኙ ጀመር። ሳይነጋገሩ አንድ ሕግ አበጁ፤ በቢሮ «እርስዎ»፣ ሐይቁ ዳር «አንቺ»። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ሄዳ ትንፋሿ ይቆራረጥ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?» ይላታል።

«እኔ እንቁላል ነኝ?»

«አይ፣ እንቁላል እንኳ እንዳንቺ አያማርርም።»

አሥሩ ደቂቃ ሃያ ሆነ፤ ሃያው አርባ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳትነቃ ነጋላት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የመስኮቱን ብርሃን አይታ «ተኝቼ አደርሁ» ብላ ለብቻዋ ተናገረች። ሐኪሟም ፊቷን አይታ በያዝሽው ቀጥዪ አለቻት።

ለውጡን ያዩት ሌሎችም ነበሩ። የኬሚስትሪ መምህርቷ ወለተ ኪዳን ዘወትር ጠዋት ታረፍዳለች። መቅደላዊት ሦስተኛውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልትፈርምባት ብዕር አንሥታ ነበር። በዚያ ጠዋት ግን ልቧ ሰከን ብሎ ነው ከሐይቁ የመጣችው፤ ጠርታ ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሽባ እናቷን አጥባና አብልታ ነው የምትመጣው፤ ለማንም አልተናገረችም። መቅደላዊት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ቀይራላት ነገሩ በአንድ ቀን አለቀ። በትምህርት ቤቱ በዕድሜ የሚበልጡት የጂኦግራፊው መምህር ጋሽ አበራ ይህን ሰምተው ኮሪደር ላይ አስቆሟት። «ልጄ፣ ፊትሽ ተመለሰ» አሏት። የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ያን ዕለት ቀደደችው።

ምናሴም ስለ ራሱ የነገራት በአንደኛው ጠዋት ነው። አባቱ ሲሞቱበት ለሰባት ወር ከሰው ጋር መነጋገር ትቶ ነበር። «ግድግዳ ሳይ ነበር የምውለው» አላት። «አንድ ቀን ደልጊ ውስጥ ዓሣ አጥማጆቹ ‹ና መቅዘፊያ ያዝ› ብለው ጎተቱኝ። ክንዴ እስኪዝል ቀዘፍሁ። ማታ እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ከዚያ ተኛሁ። የሚሮጠው እግሬ አይምሰልሽ፣ ልቤ ነው።»

 መቅደላዊት እጇን ዘርግታ እጁን ያዘችው። እስከ መንገዱ መጨረሻ ሳይለቃቀቁ ሄዱ፤ ሁለቱም ወደ ፊት ብቻ እያዩ።

ከተማው ጆሮ አለው። ወሬው ከአባቷ ጆሮ ደረሰ። መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ያስተማሩ ሊቅ ናቸው፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ለመቅደላዊት የሚመኙላት የተማረ ዲያቆን ነበር።

«ጠዋት ጠዋት ከሰው ጋር ትሄጃለሽ አሉ» አሏት እራት ላይ።

«አዎ፣ አባዬ። ከምናሴ ጋር ነው። አሞኝ ነበር፤ አልነገርሁዎትም። አሁን ተሽሎኛል።» ኪኒኑንም፣ እንቅልፍ ማጣቷንም፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

መሪጌታ እጃቸውን ከትሪው አነሡ። «እኔ ቤት ታመሽ፣ እኔ ሳላውቅ?» አሉ። ቆይተው ግን «እኛም እኮ ማሕሌት ቆመን ስናሸበሽብ የምናድረው በከንቱ አይደለም» አሉ። «ነፍስ ብቻዋን አትዘምርም፤ ሥጋን ይዛ ነው የምትነሣ። መራመዱን አልከለክልሽም። የልጁን ነገር ግን አላውቅም። ዘሩን ማን ያውቀዋል?»

«እኔ እሱን አውቀዋለሁ፣ አባዬ።»

መሪጌታ ተነሥተው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ መቅደላዊት ተሳሳተች። ስሕተቷ የክፋት አልነበረም። የዳነ ሰው ስሕተት ነው፤ ያዳነውን ጸበል ሁሉም ይጠመቅ እንደሚል። የሑዳዴ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ላይ፣ መምህራኑ ደክመውና ተኳርፈው ስታይ፣ ያገኘችውን ለሁሉም ልታካፍል ፈለገች። ማካፈል ግን ሹመኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። ደብዳቤ ሆነ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፦

«ለመላው መምህራንና ሠራተኞች። ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጣና ዳር በሚደረገው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ላይ ሁሉም እንዲገኝ፤ መገኘቱንም በእንቅስቃሴው ማብቂያ ላይ በፊርማው እንዲያረጋግጥ፤ ያልተገኘ ሠራተኛ በሥራ አፈጻጸም ምዘናው የሚያዝበት መሆኑን እናሳውቃለን።»

ፊርማው መጨረሻ ላይ የሆነው ማንም ሹልክ እንዳይል ነው። ይህ የእሷ ብልሃት ነበር፤ ኮርታበታለች።

ዓርብ ጠዋት ምናሴ ሐይቁ ዳር አስቆማት። «ያን ወረቀት አንሽው» አላት።

«ለምን? አንተ አይደለህ ያስተማርኸኝ? እኔን ያዳነኝ እነሱን ይጎዳል?»

«አንቺን ያዳነሽ በገዛ እግርሽ መምጣትሽ ነው። እኔ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር?»

«ሃምሳ ሁለት ሰው በልመና አይመራም፣ ምናሴ።»

«በዛቻም አይፈወስም። ማን ምን እንዳመመው ታውቂያለሽ? ለወለተ ኪዳን እንዳደረግሽው ጠይቂያቸው።»

ልክ መሆኑን ልቧ ያውቀዋል። ግን ደብዳቤው ወጥቷል፤ ማኅተም የተመታበትን ነገር አለቃ ቢያነሣ ይናቃል ብላ አሰበች። ደግሞ በጣም የምትወደው ሰው ስሕተቷን ስለ ነገራት ይበልጥ አበሳጫት።

«እኔ አለቃህ ነኝ» አለችው። «ፊርማውን የምትይዘውም አንተ ነህ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ልትመልሰው ፈለገች።  ምናሴ «እንዳሉ» አላት። ሐይቁ ዳር «እርስዎ» ሲላት ያ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ሁሉም መጣ። መቅደላዊት ፊት ፊት ትራመዳለች፤ ስትዞር ረጅሙን ሰልፍ አይታ ደስ አላት። አንዳንዱ ከልቡ ነው የሚሄደው፤ አብዛኛው ሰዓቱን ያያል። ጋሽ አበራ ከኋላ ነበሩ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጡረታቸው እስኪደርስ «አልቻለም» እንዳይባሉ ብለው ለትምህርት ቤቱ ደብቀዋል። ዘወትር ጠዋት የኢንሱሊን መርፌያቸውን ተወግተው ወዲያው ይበላሉ። ያን ዕለት እንዳይረፍድባቸው ተወግተው ሳይበሉ ወጡ፤ ተመልሼ እበላለሁ ብለው።

ምናሴ ላብ ሲያጠምቃቸው አየ። «ጋሽ አበራ፣ ይቀመጡ» አላቸው።

«ልፈርምና እቀመጣለሁ» አሉት።

ለመፈረም መቶ እርምጃ ሲቀራቸው ወደቁ። ምናሴ ወረቀቱን ጥሎ ተሸከማቸው። መቅደላዊት ጩኸት ሰምታ ስትሮጥ የደረሰችው ባጃጁ ሲነሣ ነው።

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የጋሽ አበራ ባለቤት ወይዘሮ እናትዓለም ቆመው ነበር። ስኳሩ ወርዶባቸው ነው፤ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ አይተርፉም ነበር አለ ሐኪሙ። አሁን ነቅተዋል። መቅደላዊት ምን እንደምትል ጠፍቷት «እናቴ፣ አላወቅሁም» አለች።

ወይዘሮ እናትዓለም አልጮሁባትም። «ጾሙን የንስሐ አባቱ ፈተውለታል» አሏት። «በሽተኛ ነህ፣ ብላ ብለው። የእርስዎን ደብዳቤ ማን ይፍታለት?»

 መቅደላዊት የሊቅ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌ ጾም እንደምትፈታ ከማንም ቀድማ ታውቃለች። አምላክ የሚምረውን እሷ አልማረችም። ከኮሪደሩ ዳር ምናሴ ተቀምጧል፤ ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምናሴ…»

«ወረቀቱን የያዝሁት እኔ ነኝ» አለ ቀና ሳይል። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንደ ድሮው ራቃት። ስትነቃነቅ የሰሙት አባቷ መጥተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አልገሠጿትም። «ዜማ ሳስተምር» አሉ፣ «የማይችለውን ተማሪ ስመታው ድምፁ ይበልጥ ይጠፋ ነበር። ይህን ለመረዳት ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። አንቺ ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ አወቅሽው። አሁን ሂጂና በአደባባይ ያጠፋሽውን በአደባባይ መልሺ።»

ሰኞ ጠዋት መምህራኑን ሰበሰበች።  ደብዳቤውን ከሰሌዳው ነቅላ በፊታቸው ቀደደችው። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የደብዳቤው ነው አልልም፣ የማንም አይደለም። ታምሜ ነበር፤ አእምሮዬ ታሞ። መራመድ አዳነኝ። እናንተንም ላድን ብዬ ሳልጠይቃችሁ ጎተትኋችሁ። ጋሽ አበራን ልገድላቸው ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ርእሰ መምህርት አእምሮዬ ታሞ ነበር ስትል ሰምቶ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም። ከኋላ ወለተ ኪዳን ማልቀስ ጀመረች።

በማግስቱ የምናሴ ማመልከቻ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር፤ ወደ ደልጊ ልመለስ ይላል። ምክትሏ «በዓመቱ አጋማሽ አይለቀቅም፣ መከልከል ይችላሉ» አላት። መከልከል ትችላለች። ብትከለክለው በየቀኑ ታየዋለች፤ ብትለቀው ላታየው ትችላለች። ሐይቁ ዳር ብቻዋን ስትቆም ታያት፤ ያ የጥቅምቱ ጨለማ ተመልሶ ሲመጣባት። ስክሪብቶዋን አንሥታ ከዚህ በፊት ሰው በግድ ያስኬደችበትን ቅዳሜ አሰበች። «ይለቀቅ» ብላ ፈረመች።

የሚቀጥሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። አንዳንድ ጠዋት ብርድ ልብሱ ድንጋይ ይሆንባታል። ቢሆንም ትነሣለች፤ ጫማዋን ታስራለች፤ ትሄዳለች። እያለቀሰችም የሄደችበት ቀን አለ። ግን ሄደች፤ ሄዳም ትምህርት ቤቷን ከፈተች። ጋሽ አበራ ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪማቸው «በልተው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ» አላቸው። መቅደላዊት ቤታቸው ሄዳ ደጃፋቸው ላይ ቆመች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት ገና ሳትናገር። «አሁን ቀስ ብለሽ አብረሽኝ ሂጂ። ቀስ ብለሽ ነው ያልሁሽ።» ከዚያ ወዲህ አሥር ሰዓት ላይ ከጋሽ አበራ ጋር ትራመዳለች፤ ስለ ምናሴ ሳይጠይቋት ነገረቻቸው። 

ፋሲካ አለፈ። ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ማለዳ ብቻዋን ስትራመድ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። አልዞረችም።

«አረማመድሽ ፈጥኗል» አለ ድምፁ።

«የሚያስጠብቀኝ ሰው አልነበረም።»

ጎኗ ሆኖ ተራመደ። ከስቷል። የፔሊካን ወፎች ከውኃው ተነሡና ትንሽ ርቀው ዐረፉ።

«ጋሽ አበራ ደወሉልኝ» አለ። «‹እኔ ይቅር ያልኋትን አንተ ማን ሆነህ ትቀየማታለህ› ብለው ተቆጡኝ።»

«ተቀይመኸኛል?»

«አንቺን አይደለም። ‹ይቀመጡ› ብቻ ነው ያልኋቸው፤ ‹ወደ ቤትዎ ይሂዱ፣ እኔ እጠየቃለሁ› አላልሁም። አንቺን ሳይ ያ ቀን ይታየኛል። ለዚያ ነው የሸሸሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም ይታየኛል። ደልጊ ሆኜ፣ አንቺም ሳትኖሪ ሲታየኝ ግን ይብስብኛል።»

መቅደላዊት ቆመች። ዓይኑን አየችው። «እወድሃለሁ፣ ምናሴ» አለችው። «አሁን አለቃህ አይደለሁም። እምቢ ማለት ትችላለህ።»

«ከዚያ ከእርጥቡ ድንጋይ ካስነሣሁሽ ቀን ጀምሮ እምቢ ማለት አቅቶኛል» አላት። ሳቀች፤ ወዲያውም አለቀሰች። እሱም አብሯት።

በሳምንቱ እሑድ አራት ሰዓት ላይ ሽማግሌዎች መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ቤት መጡ። ሦስት ናቸው። ምናሴ በከተማው አባትም አጎትም የለውም፤ ከጎረቤቱ አቶ መርስዔ ኀዘንና ከአንድ የአባቱ የፋብሪካ ባልደረባ ጋር አባት ሆነው የቀረቡለት ጋሽ አበራ ናቸው። ወጉ እንደሚያዘው ከደጅ ቆሙ፤ ግቡ ሲባሉ ገቡ፤ ተቀመጡ ሲባሉ በግድ ተቀመጡ። ምግብ ሲቀርብላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማ እህል አንቀምስም» አሉ። ይህን ወግ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ከልጅቷ ቤት እህል ቀመሰ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው።

መቅደላዊት ጓዳ ሆና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች።

መሪጌታ አልቸኮሉም። የሊቅ ቤት ነውና ሁሉም በሥርዓት ይሁን አሉ። ዘር ይቆጠር ተባለ። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ቀላል አይደለም፤ የፋብሪካው ሰውዬ አንዱን አያት ረስቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። አምስት ሰዓት አለፈ። ስድስትም አለፈ። በመጨረሻ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዘመድ ላማክር፤ ለሌላ እሑድ ቀጠሮ ልስጣችሁ» ማለት ጀመሩ። ወጉ ነው፤ በአንድ ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያቀለለ ይመስለዋል። የዲያቆኑም ነገር ከሆዳቸው ገና አልወጣም።

«ሦስት ጊዜም ቢሆን እንመላለሳለን» አሉ ጋሽ አበራ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

መቅደላዊት ግንባራቸውን አየች። ላብ ችፍ ብሏል። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይርገበገባል። የምሳ ሰዓታቸው ካለፈ ሰዓት ሊሞላው ነው፤ ከእሷ በቀር በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ለምናሴ ሲሉ ትንፍሽ አይሉም።

ሳህኑን አነሣች። እንጀራ ዘረጋች፤ ወጥ ጨለፈች። እጇ መጋረጃው ላይ ሲደርስ ቆመች። ይዛ ከወጣች አባቷ ገና ሳይፈቅዱ ራሷን የሰጠች ልጅ ትባላለች፤ የመሪጌታ ኪዳነ ወልድ ልጅ ወግ ጣሰች ይባላል። አባቷ ሊቆጡ፣ ነገሩም በዚያው ሊበላሽ ይችላል። ምናሴን ልታጣው ትችላለች። ካልወጣች ደግሞ የሚሆነውን አንድ ጊዜ አይታዋለች።

መጋረጃውን ገለጠች።

 ጋሽ አበራ ፊት ተንበርክካ የእጅ ውኃ አፈሰሰችላቸው። «ሰዓትዎ አልፏል» አለቻቸው። «ይቅመሱ።»

«ልጄ» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን ደንግጠው፣ «መልስ ሳንሰማ እንዴት አድርገን…»

«እሳቸው ታማሚ ናቸው። ወጉ ከተጣሰ የጣስሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አበራ፣ እባክዎን።»

ጋሽ አበራ እጃቸውን ወደ ሳህኑ አልዘረጉም፤ ወደ መሪጌታ አዩ። መሪጌታም ልጃቸውን አዩ። የተንበረከከ ጉልበቷን፣ ሳህኑን አጥብቀው የያዙ ጣቶቿን፣ ከሽማግሌው ፊት ያልተነሣ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩ። ቁጣ ይመጣል ብላ ጠበቀች።

«ይቅመሱ፣ አቶ አበራ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ለታመመ ይፈታል። እናንተም ቅመሱ። እሷ ሰጥታለች፤ እኔ ከዚህ ወዲያ ምን አማክራለሁ? ልጁን ጥሩት።»

ጋሽ አበራ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያውን ጉርሻ አነሡ። መቅደላዊት አላምጠው እስኪውጡ ድረስ ሳህኑን እንደያዘች ጠበቀች። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።